ቅጹ ያልያዘው መልስ
ጎሣንና ፍልሰትን ስለምናጠናበት ዘዴ ከላስታ የተነሣ ሂስ

ቅዳሜ የላሊበላ ገበያ ነው። ከተራራው ወገብ፣ ከየሸንተረሩ፣ ከየቀበሌው የወረደው ሰው ገብሱን፣ ባቄላውን፣ ማሩንና በጉን ይዞ ይሰበሰባል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንዱ ቅዳሜ፣ ለሁለተኛ ዲግሪው መመረቂያ መረጃ የሚሰበስብ አንድ ወጣት ተከትዬ በዚህ ገበያ ውስጥ ስዞር ዋልሁ። ወጣቱ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ቀናና ትሑት ነው። በእጁ ረዘም ያለ መጠይቅ ይዟል። ከአንድ የገብስ ስልቻ አጠገብ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ደርሶ እጅ ነሣና ጥያቄውን ጀመረ። ዕድሜ፣ የቤተሰብ ብዛት፣ የመሬት ይዞታ እያለ ወረደ። ኋላም እንዲህ አለ፦

«አባቴ፣ ብሔረሰብዎ ምንድን ነው?»

«ምን አልከኝ ልጄ?»

«ዘርዎን ማለቴ ነው።»

«ዘርማ ይኸው የያዝሁት ገብስ ነው። ግዛ እንጂ!»

በዙሪያው የነበረው ሰው ሳቀ። ወጣቱም አብሮ ሳቀና ጥያቄውን በሌላ መንገድ አቀረበው። ሽማግሌው አሁን አልቀለዱም። «እኔ የላስታ ሰው ነኝ። አባቴ የቡግና ነው። እናቴ ከወደ ዋግ የመጣች ናት፤ እስክትሞት ድረስ ከእኅቷ ጋር ስትጫወት በአገውኛ ነበር። ክርስቲያን ነኝ። ሌላ ምን ልበልህ?» አሉ።

ወጣቱ ጥቂት አሰበ። ከዚያ በመጠይቁ ላይ ከተደረደሩት ስሞች ውስጥ «አማራ» ከሚለው ፊት ለፊት ምልክት አድርጎ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ተሻገረ። ሽማግሌው ግን ይህን ቃል ከአፋቸው አላወጡትም ነበር።

ይህ ጽሑፍ ያንን ወጣት ለመውቀስ የተነሣ አይደለም። በእርሱ ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ አደርግ ነበር፤ ቅጹ ሌላ ቦታ አልሰጠውምና። የሂሱ ዒላማ ቅጹ፣ ከቅጹም ጀርባ ያለው አስተሳሰብ ነው። ለመሆኑ በአገራችን ስለ ብሔረሰብና ስለ ፍልሰት የተጻፈው፣ የተቆጠረውና የተደመረው ሁሉ በምን ዓይነት ጆሮ ተሰምቶ ነው የተጻፈው? ላስታ ይህን ለመጠየቅ የሚመች አገር ነው፤ ሁለቱም ጉዳዮች፣ ማለትም የሰው ማንነት መለወጥና የሰው ቦታ መለወጥ፣ በአንድ ተራራ ላይ ተገናኝተውበታልና።

አንድ ቀን፣ አንድ ቃል

የሕዝብ ቆጠራ ሥራው ከባድ፣ ጥቅሙም ብዙ ነው። ትምህርት ቤት የት ይሠራ፣ ክትባት ስንት ይላክ የሚለው ያለ ቁጥር አይሆንም። በ1987 ዓ.ም. እና በ1999 ዓ.ም. የተካሄዱት ሁለት ቆጠራዎች ከዚህ በተጨማሪ እያንዳንዱን ሰው የብሔረሰብ ስም አስይዘዋል። በ1987ቱ ቆጠራ 16 ሚሊዮን ያህል ሰው አማራ፣ 158 ሺህ ያህል ሰው ደግሞ አገው ኽምራ ተብሎ ተመዘገበ።

እንግዲህ ከላስታ ወደ ዋግ የሚወስደውን መንገድ እናስብ። በዋግ ኽምጥኛ የሚናገረው ልጅ አገው ነው። ከእርሱ ወዲህ በላስታ የተወለደው፣ የቅድመ አያቱ ቋንቋ ያው የነበረው ልጅ አማራ ነው። ለመሆኑ በሁለቱ መካከል ያለው ወሰን በየትኛው ወንዝ ላይ አለፈ? በየትኛውስ ዘመን? ላስታ የዛጉዌ ነገሥታት አገር ነው። ሥርወ መንግሥቱ አገው እንደነበረ፣ እስከ 1270 እ.ኤ.አ. ድረስም እንደገዛ ታሪክ የሚያስተምረው ነገር ነው። በዚያ ዘመን ዐለቱን የፈለፈሉት እጆች የማን ልጆች ነበሩ? ዛሬ በአማርኛ የሚቀድሱትን ካህናት አያቶች አይደሉምን ብሎ ለመጠየቅ እንኳ አይቻልም፤ ቅዳሴው በግዕዝ ነውና! አንድ ሰው በአንዱ ቋንቋ እያመለከ፣ በሌላው እየተገበያየ፣ በሦስተኛው እናቱን እያስታወሰ ይኖራል። ቅጹ ግን አንድ ቀን መጥቶ አንድ ቃል ይጠይቃል።

ይህንን ጉዳይ ከታሪክ አንጻር በጥሞና ከመረመሩት አንዱ ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት ናቸው። በ1988 እ.ኤ.አ. ስለ አገው ባወጡት የጥናት ጽሑፍ የብሔረሰቦችን መገናኘትና መዋሐድ እንደ አንድ ረዥም ሂደት ተከትለውታል። የጽሑፉ ትልቅ ብርታት እዚህ ላይ ነው። አገውን የቆመ ሐውልት አድርጎ ሳይሆን በዘመናት ውስጥ የሚንቀሳቀስ፣ የሚሰጥና የሚቀበል ሕዝብ አድርጎ ያየዋል። በዚህ ዓይን ሲታይ የሽማግሌው መልስ ግራ የተጋባ ሰው መልስ አይሆንም፤ ገና ያላለቀ የታሪክ ሂደት ምስክርነት ይሆናል።

ይሁንና ሂስ ለምሁር አክብሮት ብሎ አይቆምም። እንዲህ ያለው የታሪክ ጥናት የሚደገፍበት ማስረጃ በአብዛኛው ገድልና ዜና መዋዕል ነው። እነዚህን የጻፉት ደግሞ ገዳሙና ቤተ መንግሥቱ ናቸው። ስለዚህ መዋሐዱን የምናየው ከላይ ወደ ታች ነው፤ ከንጉሡ፣ ከመነኩሴው፣ ከወታደሩ በኩል። አገውኛዋን ትታ በአማርኛ እሹሩሩ ማለት የጀመረችው እናት ግን በብራናው ውስጥ የለችም። ቋንቋ የሚቀየረው ደግሞ በእርሷ ጉያ ነው። ይህን ጎዶሎ የሚሞላው የቃል ታሪክ ነበር፤ የቃል ታሪኩም ከሽማግሌዎቹ ጋር በየዓመቱ እየተቀበረ ነው።

«አለ» እና «የለም»

በከተማ ያለነው አንባቢዎች ይህን ክርክር የምናውቀው በሌላ መልኩ ነው። በ1983 ዓ.ም. ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም አማራ የሚባል ብሔረሰብ የለም ብለው በቴሌቪዥን መከራከራቸው እስከ ዛሬ ይነሣል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ታከለ ታደሰ «አማራ ራሱን የቻለ ብሔረሰብ ሆኖ አለ ወይ?» የሚል ጥያቄ ይዘው በዓለም አቀፉ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ ቀርበዋል። የመልሱ ደጋፊና ተቃዋሚ እስካሁን አልተስማማም።

በእኔ አስተያየት ስሕተቱ ከመልሱ ይልቅ ከጥያቄው ላይ ነው። «አለ» ወይም «የለም» የሚባለው ስለ ተራራ ነው። ስለ ሰው ስም የሚጠየቀው «መቼ? የት? በማን ፊት?» ተብሎ ነው። ኖርዌያዊው የሰው ልጅ ባሕል አጥኚ ፍሬድሪክ ባርዝ በ1969 እ.ኤ.አ. ያሳሰበው ይህንኑ ነበር። ባርዝ እንደሚለው አጥኚው በቅድሚያ ማየት ያለበት በአጥሩ ውስጥ የተቀመጠውን የባሕል ዕቃ አይደለም፤ አጥሩን ራሱን፣ ማን እንደሚያጥረውና ማን እንደሚሻገረው ነው። ሰዎች አጥሩን ይሻገራሉ፤ አጥሩ ግን ይቆያል።

ከላስታ የተነሣ አንድ ሰው እንከተል። በወልድያ ገበያ ውስጥ ላስቴ ነው። አዲስ አበባ ሲገባ ወሎየ ይሆናል። ወለጋ ሲሠፍር አማራ ይባላል። ሪያድ ሲደርስ ሐበሻ ነው። ሰውየው አንድ ነው፤ አልዋሸም፤ አልተለወጠምም። የተለወጠው ጠያቂውና የቆመበት መሬት ነው። ስለዚህ የብሔረሰብን ነገር ከፍልሰት ለይቶ ማጥናት አይቻልም። ሰው ማን እንደሆነ በይበልጥ የሚነገረው ከቤቱ ሲወጣ ነውና።

እዚህ ላይ ለመልሱ ሌላ ወገንም መፍረድ ይገባል። ዛሬ በዚያው በላስታ «ብሔረሰብህ ምንድን ነው?» ቢባል ሳያመነታ «አማራ» የሚል ወጣት ብዙ ነው። ይህም መልስ እውነት ነው። የክልል ወሰን፣ የትምህርት ቤት መጽሐፍ፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ ከዚያም ጦርነትና መፈናቀል ያንን መልስ አጥብቀውታል። የሽማግሌውን መልስ «ትክክለኛው» የወጣቱን መልስ ደግሞ «የተማረው» ብሎ የሚያበላልጥ አጥኚ፣ እርሱም በፈንታው ቅጽ እየሞላ ነው።

ደግሞ ከሽማግሌው መልስ ውስጥ አንድ ነገር እናስተውል። አባታቸውንም እናታቸውንም ጠሩ። አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ በጎጃም ዳሞት ስለ ርስት ሥርዓት አጥንቶ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ የዚያ አገር ገበሬ የዘር ሐረጉን በአባቱም በእናቱም እንደሚቆጥር፣ የርስት ጥያቄውንም በሁለቱም በኩል እንደሚያነሣ በዝርዝር አሳይቷል። በእንዲህ ያለ አገር ላይ አንድ መስመር ብቻ ያለው የብሔረሰብ ቅጽ ይዞ መሄድ ማለት በሁለት እግሩ የሚሄደውን ሰው በአንድ እግርህ ቁምልኝ ማለት ነው።

ቁጥሩ የሚነግረንና የማይነግረን

ወደ ፍልሰቱ እንመለስ። በ1987ቱ ቆጠራ የላሊበላ ከተማ ነዋሪ 8,484 ነበር። በ1999 ዓ.ም. 17,367 ሆነ። በአሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ውስጥ ከእጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው። ይህን ያህል ዕድገት በወሊድ ብቻ አይመጣም። ወይ የከተማው ክልል ሰፍቷል፣ ወይ ከገጠሩ ሰው ገብቷል፣ ወይም ሁለቱም ሆኗል። እዚህ ድረስ ቁጥር ጥሩ ምስክር ነው።

ቁጥሩን ጠጋ ብለን ስናየው ሌላ ነገር ይነግረናል። በ1987 ዓ.ም. ከነዋሪው 3,709 ወንድ፣ 4,775 ሴት ነበር፤ ለመቶ ወንድ 129 ሴት መሆኑ ነው። በ1999 ዓ.ም. ወንዱ 8,112፣ ሴቷ 9,255 ሆኑ፤ ለመቶ ወንድ 114 ሴት። ለምንድን ነው ሴቷ የበዛችው? ለምንስ ልዩነቱ ጠበበ? ከባሏ ተፋትታ የመጣች ናት? ጠላ ለመሸጥ፣ እንጀራ ለመጋገር፣ በሆቴል ቤት ለመቀጠር? ለሳባ ተጠልላ የቀረች? ወይስ ወንዱ ነው ወደ ሌላ አገር የሄደው? ቁጥሩ እዚህ ላይ ዝም ይላል። ሰንጠረዡ የሚያበቃበት ቦታ ጥናቱ የሚጀመርበት ቦታ መሆን ነበረበት። የእኛ ጥናቶች ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰንጠረዡን ገልብጠው «ከላይ እንደሚታየው» ብለው ይደመድማሉ።

ቁጥር ዝም ሲል ምን እንደሚከተል በ2001 ዓ.ም. አይተናል። የ1999ኙ ቆጠራ ውጤት ለተወካዮች ምክር ቤት ሲቀርብ የአማራ ክልል ሕዝብ 17.2 ሚሊዮን ያህል ሆኖ ተገኘ፤ ቀደም ሲል ከተተነበየው ከ2 ሚሊዮን በላይ ያንሳል። ያ ሰው የት ሄደ የሚል ጥያቄ ተነሣ። ወሊድ ቀንሷል፣ በሽታ ገድሏል፣ ሰው ከክልሉ ፈልሷል የሚሉ ምክንያቶች ተሰጡ። ሌላው ወገን ቆጠራውን ራሱን ተጠራጠረ። ማን ልክ እንደነበረ ለመፍረድ ይህ ቦታው አይደለም። ልብ ልንለው የሚገባው፣ ፍልሰት ለመጀመሪያ ጊዜ በከፍተኛ ድምፅ የተጠራው የጎደለ ቁጥር ማብራሪያ ሆኖ መሆኑን ነው። ወደ መተማና ሁመራ ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ ለክረምት የሚመለሰው፣ አዲስ አበባ በቀን ሥራ ላይ ያለው፣ ዐረብ አገር የሄደችው፣ እነዚህ ሁሉ በየትኛው ቤት ተቆጠሩ? ይህ ጥያቄ አስቀድሞ ተጠንቶ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ በጥርጣሬ ፋንታ በማስረጃ ይካሄድ ነበር። ቀጣዩ ቆጠራ ደግሞ በተደጋጋሚ ተላልፎ በ2011 ዓ.ም. እንደገና ተራዘመ።

የሰሙ መጻሕፍት

መልካም ምሳሌ የለንም ማለት ግን ዓይን አውጣነት ነው። ስለ ወሎ የተጻፉ ሁለት መጻሕፍት እዚህ ላይ መጠራት አለባቸው። የደሳለኝ ራሕመቶ ስለ ረሃብና ከረሃብ የመትረፍ ዘዴ የሚናገረው መጽሐፍ በ1991 እ.ኤ.አ. የታተመ ሲሆን መሠረቱ የአምባሰል ገበሬ ነው። እስከዚያ ድረስ በ1977ቱ ረሃብ ላይ የተጻፈው አብዛኛው ነገር ገበሬውን እጁን የዘረጋ ችግረኛ አድርጎ ያሳይ ነበር። ደሳለኝ ግን ገበሬው ረሃቡ ሲመጣ አስቀድሞ ምን እንደሸጠ፣ ምን እንደበላ፣ ከማን እንደተበደረ፣ መቼ መንገድ እንደጀመረ ደረጃ በደረጃ አሳዩን። በዚህ ዓይን ፍልሰት የደነገጠ ሕዝብ ሩጫ መሆኑ ይቀርና ሌላው ዘዴ ሁሉ ካለቀ በኋላ የሚመጣ የታሰበበት እርምጃ ይሆናል።

ሁለተኛው የዓለሙ ፓንክረስት መጽሐፍ ነው ብሎ የሚሳሳት አለና ስሙን አስተካክለን አሉላ ፓንክረስት እንበል። በ1992 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የተከተለው በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከተጓጓዘው 600 ሺህ ያህል ሠፋሪ ውስጥ በወለጋ በአንድ መንደር የሠፈረውን ሕዝብ ነው። ከሠፋሪዎቹ የሚበዙት የወሎ ሰዎች ነበሩ። በዚያን ጊዜ ዓለም በሁለት ጎራ ተከፍሎ ነበር፤ መንግሥት «በፈቃዳቸው ሄዱ» ይላል፣ ተቃዋሚው «ተገድደው ተጫኑ» ይላል። አሉላ መንደሩ ውስጥ ተቀምጦ ሠፋሪዎቹን ራሳቸውን አናገረ። ያገኘውም በሁለቱ ቃላት መካከል ያለውን ሰፊ ሜዳ ነው። በግዳጅ የተጫነ አለ፤ ረሃቡ ራሱ ያስገደደው አለ፤ ከቤተሰቡ ጋር ተጣልቶ የተነሣ ወጣት አለ። የመጠይቅ ቅጽ «በፈቃድ / በግዳጅ» የሚሉ ሁለት ሣጥኖች ብቻ ቢኖሩት ይህ ሁሉ ሰው የት ይገባ ነበር?

ቢሆንም ሁለቱም ሥራዎች አንድ አንድ ዓይን ብቻ እንዳላቸው መናገር ግድ ነው። ደሳለኝ ያነጋገረው የተረፈውን ነው፤ ሄዶ ያልተመለሰው ድምፅ የለውም። አሉላ ያነጋገረው የደረሰውን ነው፤ በትውልድ መንደሩ የቀረው ወገን አይሰማም። የፍልሰት ጥናት ሁለት ጫፍ ያለው ገመድ ነው። ላስታ ላይ የተያዘውን ጫፍና ወለጋ ላይ የተያዘውን ጫፍ በአንድ እጅ የሚይዝ፣ አንዱን ቤተሰብ በሁለቱም ቦታ ለዓመታት የሚከታተል ሥራ ያስፈልገናል። እንዲህ ያለው ሥራ በሦስት ወር የመስክ ቆይታና በአንድ መጠይቅ አይሠራም።

ስምና ባለ ስም

ስም እንዴት እንደሚያስት ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጎሕ ሳይቀድ በየደጃችን እየዘፈኑ የሚለምኑትን፣ ተመጽውተውም መርቀው የሚሄዱትን ሰዎች «ላሊበላ» እንላቸዋለን፤ «አሚና» የሚላቸውም አለ። ካልዘፈኑ ቁምጥና ይወርድባቸዋል የሚለውን ወሬ ሁላችንም ሰምተናል። ኬይ ካውፍማን ሸለመይ የተባለች የሙዚቃ ተመራማሪ በ1982 እ.ኤ.አ. ስለ እነርሱ አጥንታ ጽፋለች። ከዘፈናቸው ተነሥታ ወደ ኑሯቸው መግባቷ ጥሩ መንገድ ነው፤ ሰው በሚሠራው ነገር በኩል ይጠየቃልና።

አሁን አንድ ቆጣሪ እነዚህን ሰዎች ቢያገኝ ምን ብሎ ይጽፋል? የቦታ ስም ተሰጥቷቸዋል፤ የቦታው ሰው ሁሉ ግን እነርሱን አይደለም። የሚናገሩት አማርኛ ነው። ጎረቤት ደግሞ የተለዩ አድርጎ ያያቸዋል። እየተዘዋወሩ ስለሚኖሩም ፍልሰተኞች ናቸው፤ ቤት ያላቸው ፍልሰተኞች። ሌላው የሚጠራቸው ስምና ራሳቸውን የሚጠሩበት ስም አንድ ላይሆን ይችላል። አጥኚው ከእነዚህ አንዱን ብቻ ከጻፈ የጻፈው የጎረቤትን አስተያየት እንጂ የሰውን ማንነት አይደለም።

ቃል ሲገድል

አንባቢ ይህ ሁሉ የምሁራን ጨዋታ ነው ይል ይሆናል። አይደለም። ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ ጊምቢ ወረዳ ቶሌ ቀበሌ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተገደሉ። ብዙዎቹ በደርግ ዘመን ከወሎ ተነሥተው ከሠፈሩት ቤተሰቦች የተወለዱ ነበሩ። አያቶቻቸው ከቤታቸው ሲወጡ የያዙት ስም የመንደራቸውን ነበር። የልጅ ልጆቻቸው የተገደሉት በዚያ ስም አይደለም። ከዚያ አካባቢ ሸሽተው ወደ ወሎ የተመለሱት ደግሞ አያቶቻቸው በተወለዱበት አገር በመጠለያ ውስጥ «ተፈናቃይ» የሚል አዲስ ስም ተቀበሉ። ላሊበላም በበኩሏ ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት ሲመላለስባት ነዋሪዋ ለሽሽት ወጥቷል፤ ተመልሷል።

በሩዋንዳ የቅኝ ገዥዎቹ ቤልጂጎች በ1930ዎቹ በመታወቂያ ወረቀት ላይ የጻፉት አንድ ቃል በ1994 እ.ኤ.አ. በየኬላው የሞት ፍርድ ሆኖ ተነበበ። ቃሉን የጻፈው ጸሐፊ ገዳይ አልነበረም፤ ቅጽ የሚሞላ ሰው ነበር። የእኛም የቀበሌ መታወቂያዎች በብዙ ቦታ «ብሔር» የሚል መስመር ነበራቸው። ስለዚህ አጥኚ ሆይ፣ የሰው ስምና ብሔረሰብ ጎን ለጎን የተጻፈበትን ዝርዝር በቦርሳህ ይዘህ ስትዞር ምን እንደያዝህ እወቅ። ጥናቱ ካላስፈለገው አትጻፍ። ካስፈለገውም ስሙን ከመልሱ ለይ፤ ዝርዝሩንም ከሥራህ በኋላ አጥፋ።

ምን ይደረግ?

መፍትሔው ውድ አይደለም። አንደኛ፣ ማንነት የሚጠየቀው ክፍት በሆነ ጥያቄ ነው፤ የተባለው ቃል እንደተባለ ይጻፍ፤ የመመደቡ ሥራ በኋላ ይምጣ፣ ማን እንደመደበውም ይነገር። ሁለተኛ፣ አንድ ሰው በአንድ ጊዜና በአንድ ቦታ ብቻ አይጠየቅ፤ በገበያ የተናገረውንና በቤቱ የተናገረውን አስተያይ። ሦስተኛ፣ ጥያቄው በምን ቋንቋ እንደቀረበ፣ ማን አጠገብ እንደነበረ መዝግብ፤ የቀበሌ ሊቀ መንበር ቆሞ የሚሰማው መልስና የጎረቤት መልስ አንድ አይደለም። አራተኛ፣ ሴቶች በባላቸው አፍ አይጠየቁ። አምስተኛ፣ የፍልሰት ታሪክ በሕይወት ታሪክ መልክ ይሰብሰብ፤ ከየት ወዴት ብቻ ሳይሆን ከማን ጋር፣ በምን ገንዘብ፣ ማንን ትቶ የሚለውም ይጠየቅ። በመጨረሻም ጥናቱ በአማርኛ ተጽፎ ወደ ላስታ ይመለስ። ስለ እነርሱ የተጻፈውን እነርሱ አንብበው «ይኼስ እኛ አይደለንም» የማለት መብት ይኑራቸው።

ያ ወጣት በዚያ ቅዳሜ ማታ መጠይቁን ሲያገላብጥ አየሁት። ከሽማግሌው ገጽ ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን አወጣና በኅዳጉ ላይ በትናንሽ ፊደል አንድ ነገር ጻፈ። ጠጋ ብዬ አነበብሁት። «የላስታ ሰው፤ አባት ቡግና፤ እናት ዋግ፤ አገውኛ» ይላል። ያ የኅዳግ ጽሑፍ በኮምፒዩተር አልገባም፤ በሰንጠረዡም ውስጥ የለም። ከመጠይቁ ሁሉ በእርግጠኝነት የሽማግሌው የሆነው ግን እርሱ ብቻ ነበር።